ክራሩ ስክሪን ውስጥ አይገባም፦ የልጆች የኪነ ጥበብ ትምህርትን ከአዳራሽ ወደ ቤት የማዛወር ዝርዝር መመሪያ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በማግስቱ ክራር የሚማሩት ልጆቻችን እንደ ልማዳቸው ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ተቀምጠው ነበር። ሰኞ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እኛም አዳራሹን ቆለፍን። ለ15 ቀን ነው ስለተባለ ከበሮዎቹን እንኳ ከወለሉ አላነሳናቸውም።

የማካፍላችሁ ከ10 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ውዝዋዜና ቴአትር በነፃ በምታስተምር አንዲት ትንሽ የአዲስ አበባ ድርጅት ውስጥ አስተባባሪ ሆኜ ያየሁትን ነው። ኮሮና አልፏል ብላችሁ አትዝለሉት። ቤተሰብ ለልማት ተነሥቶ ከተማ ዳር ሲሰፍር፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ጎበዙ መምህር ክፍለ ሀገር ሥራ ሲያገኝ ያው ጥያቄ ተመልሶ በር ያንኳኳል።

መጀመሪያ የሠራነውን ስሕተት ልናገርና ወደ ሥራው እንግባ። ሁሉም ሰው ዙም ሲል እኛም ዙም አልን። በመጀመሪያው ቀን ከ38 ልጆች 9 ገቡ። ነፃው ዙም ለቡድን የሚፈቅደው 40 ደቂቃ ነው፤ ግማሹ «ይሰማል? ይሰማል ወይ?» ስንባባል አለቀ። መምህሩ መጫወት ሲጀምር አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ክራሩ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል» አለች። እውነቷን ነው። እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች የተሠሩት ለንግግር ነው፤ ሳይቋረጥ የሚያስተጋባ የክር ድምፅ ሲሰሙ እንደ ማራገቢያ ጩኸት ቆጥረው ያፍኑታል። ዙም ላይ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚባለውን ምርጫ ስትከፍቱ ነገሩ ይሻሻላል፤ ያንን ያወቅነው ግን ልጆቹ ከሸሹ በኋላ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ፕላዝማ የሚባለውን የቴሌቪዥን ትምህርት ያየ ሰው ችግሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በሳተላይት የሚመጣው መምህር ይናገራል፣ ይቀጥላል፣ አይጠየቅም። እኛም ሳናስበው ትንሽ ፕላዝማ ከፍተን ነበር። ከዚያ ወዲህ የያዝነው መርሕ አንድ ነው፦ በርቀት የኪነ ጥበብ ትምህርት ማለት ልጁ በሁለት መልእክቶች መካከል፣ ማንም ሳያየው፣ በእጁ የሚሠራው ነገር ነው። ገንዘባችሁም ጉልበታችሁም እሱን ይከተል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ስልክ ቁጠሩ

ፎርም አትላኩ፤ ደውሉ። ለእያንዳንዱ ቤት አሥር ደቂቃ ስጡ፤ የሚያነጋግረውም ቤተሰቡ በድምፅ የሚያውቀው መምህር ይሁን። የምትጠይቁት «ስማርት ስልክ አላችሁ?» ብቻ ከሆነ ሁሉም «አዎ» ይላችኋል። ስልኩ የማን ነው? ባለቤቱ ስንት ሰዓት ቤት ይገባል? ዳታ የሚሞላው ማን ነው፣ በስንት ቀን አንዴ? ስንት ልጅ ይጋራዋል? ልጁ ሌላ ሰው ሳይረብሽ ድምፅ ማውጣት የሚችለው የትና መቼ ነው?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሷት። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሌሊት ጥበቃ አድሮ ቀን የሚተኛ አባት ካለ፣ ከበሮ የሚማረው ልጅ ስልክ ስላለው ብቻ አይማርም።

እኛ ስንጨርስ ሦስት ክምር ወጣ፦ ቀን ሙሉ ስልክ የሚያገኙ፣ ወላጅ ሲገባ ብቻ የሚያገኙ፣ ቤታቸው ኢንተርኔት የማይከፍት ቁልፍ ስልክ ብቻ ያለ። ትልቁ ክምር መካከለኛው ነበር። ስለዚህ የትምህርት ሰዓታችን ከሰዓት በኋላ መሆኑ ቀርቶ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ሆነ። ዕቅዱን ግን ያወጣነው ሦስተኛውን ክምር እያሰብን ነው። ለቁልፍ ስልክ የሚሆን ትምህርት ለሁሉም ይሆናል፤ ተገላቢጦሹ አይሠራም።

በዚህ ቆጠራ ሌላ ነገርም ይታያችኋል። ስልኩ አንድ ሆኖ ወንድምና እኅት ካሉ፣ ስልኩ መጀመሪያ የሚሄደው ለወንድሙ ነው። እሷ እስኪደርሳት እንጀራ ትጋግራለች፣ ሕፃን ትይዛለች። በመጀመሪያው ወር ከጠፉብን ልጆች አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ለዚህ መተግበሪያ መፍትሔ የለውም፤ እናትየውን ደጋግሞ ማነጋገርና ለልጅቷ የራሷን ሰዓት ማስቀረት ነው ያለው። የቤት ሥራውንም ከቤቱ ሥራ ጋር አስማሙት። «የቡናውን ሥርዓት ከማጠብ ስኒ ላይ እስከ ማፍሰስ ድምፁን በስልክ ቅጂ» የሚል ልምምድ ስንሰጥ፣ እናቶች ሳይከለክሉ ራሳቸው ሙቀጫውን ቀስ አድርገው መውቀጥ ጀመሩ።

ደረጃ 2፦ ከሙያው ምን እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚቀር ለዩ

እዚህ ላይ ራሳችሁን አታታሉ። አብሮ መጫወት በቪዲዮ ጥሪ አይሆንም። ምክንያቱ የኔትወርክ ድክመት ብቻ አይደለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሁለት ተጫዋቾች በ10 ሜትር ሲራራቁ አንዱ ሌላውን የሚሰማው 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ሙዚቀኛ ከዚህ ካለፈ ምቱን መያዝ ይከብደዋል። በቪዲዮ ጥሪ መዘግየቱ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ማለፉ የተለመደ ነው፤ አንዱ ከሰፊ አስፋልት ወዲህ፣ ሌላው ከማዶ ሆነው አብረው ይጫወቱ እንደማለት ነው። ሁሉም ሌላውን እየጠበቀ ምቱ ይጎተታል፣ ይጎተታል፣ ይሞታል። በቀጥታ አብሮ መዝፈንን ከዕቅዱ ሰርዙት፤ ምትኩን በደረጃ 8 አመጣለሁ።

የሚሄደው ግን ብዙ ነው። ክራርን እንውሰድ። ክራር በርቀት ሲማሩት የመጀመሪያው ዳገት መቃኘት ነው። አዳራሽ ውስጥ መምህሩ ዞር ዞር ብሎ የሁሉንም ክራር ይቃኝ ነበር፤ ልጆቹ ለዓመት ተምረው መቃኘት እንደማይችሉ የታወቀው ያኔ ነው። አሳፍሮናል፤ ጠቅሞናልም። መምህሩ እያንዳንዱን ክር ለብቻው 20 ሰከንድ እየመታ ስድስት የድምፅ መልእክት በቴሌግራም ላከ። ትዝታ በሚባለው ቅኝት ለመቃኘት አምስቱ ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ ስድስተኛው ክር የአንዱ ድምፅ ድጋሚ ነው። ልጁ ያዳምጣል፣ ክሩን ይወጥራል፣ የራሱን ቀድቶ ይልካል። ነፃ የመቃኛ መተግበሪያዎች አሉ፤ እኔ የመጀመሪያውን ክር ለማግኘት ብቻ እንዲጠቀሙባቸው እመክራለሁ። የቀሩትን በጆሮ ይፈልጉ። የመተግበሪያውን መርፌ ብቻ የሚያይ ልጅ ጆሮው ይተኛል። ከትዝታ ቀጥሎ ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። አንቺሆዬን ግን ለአዳራሽ አቆየሁት፤ በአንዳንዶቹ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ በስልክ ድምፅ ማጉያ ልጆቹ ይምታታባቸዋል።

የእጅ አያያዝን በቪዲዮ ስታሳዩ ካሜራውን ከፊት አታቁሙ። ክራር ላይ ግራ እጅ ከክሮቹ ጀርባ ሆኖ የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናል፤ ከፊት ሲታይ ሁሉም ነገር ተገልብጦና በክር ተሸፍኖ ነው። ስልኩን ከመምህሩ ትከሻ ኋላ ከፍ አድርጋችሁ ቅረጹ፤ ልጁ የሚያየው የራሱን እጅ በሚያይበት አቅጣጫ ይሆናል። ይህች ብቻዋን የብዙ ቀን ማብራሪያ ታድናለች።

ለእስክስታም እንዲሁ ነው። መምህሯ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀረጽ፤ የትከሻው ሥራ ከኋላ ሲታይ ይበልጥ ይገባል፣ ግራና ቀኝም አይምታታም። ስልኩ በደረት ቁመት ይሁን። ወለል ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ሲቀርጽ ትከሻው ይጠፋና አገጭ ብቻ ይቀራል። ዝላይና ሰው ማንሣት ያለባቸውን የቡድን ውዝዋዜዎች ሙሉ በሙሉ አቆምን፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ ያለ መምህር የሚዘል ልጅ ቢጎዳ ተጠያቂው እኛ ነን።

ሥዕልና ቴአትር ከሁሉም በተሻለ ተሻገሩ። ሥዕል ድሮም የብቻ ሥራ ነው። ቴአትሩን ወደ ሬዲዮ ድራማ ቀየርነው፤ የሀገራችን ሰው በሬዲዮ ድራማ ያደገ ስለሆነ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም።

ደረጃ 3፦ ካርቶኑን አዘጋጁ

አንድ ነገር ብቻ የማድረግ አቅም ካላችሁ ይህን አድርጉ። ለእያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ካርቶን። ለሥዕል፦ ወፈር ያለ ወረቀት፣ ሁለት ዓይነት እርሳስ፣ ብሩሽ፣ ሙጫ። ለክራር፦ ትርፍ ክር። ዛሬ ብዙ ክራር ላይ ያለው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ስለሆነ ርካሽ ነው፤ ክር ተበጥሶበት ወር ሙሉ የተቀመጠ ልጅ ካላችሁ ግን ጥፋቱ የእናንተ ነው። ለከበሮ ምንም አንልክም፤ ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን የሌለበት ቤት የለም። አፉን ወደ ታች አድርጎ ሲመታ መሐሉ ወፍራም፣ ዳሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ለምት ትምህርት ይበቃል።

ቀለም ውድ ነው። እሱን ከማዕድ ቤት አመጣነው፤ በኋላ ሳየው ከቀለም ሣጥኑ የበለጠ ያስተማረ ይመስለኛል። አሠራሩ ይኸውላችሁ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ፣ በለስላሳ እሳት እስኪወፍር አማስሉ፣ አቀዝቅዙ። ማጣበቂያችሁ ይህ ነው። ከዚያ የላመ ከሰል ስትጨምሩበት ጥቁር፣ እርድ ስትጨምሩ ቢጫ፣ በደንብ ተፈልቶ የተመጠጠ ቡና ስትጨምሩ ቡናማ ይሆናል። እርዱ ላይ ትንሽ የአመድ ውኃ ጠብ ሲደረግ ወደ ቀይ ይዞራል፤ ልጆቹ ይህን ያገኙ ቀን ቴሌግራሙ በፎቶ ተጥለቀለቀ። እርድ ፀሐይ ላይ ቶሎ እንደሚደበዝዝ፣ ቀይ ሥርም ሲደርቅ እንደሚፈዝዝ ቀድማችሁ ንገሯቸው። በርበሬን እኔ ከልክያለሁ። ያልከለከልኩባት ሳምንት ዓይኑን ያሸ ልጅ ነበረና።

በእንቁላል አስኳል መቀባትን ለማስተማርም አስበን ነበር። ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን፤ በብዙ ቤት እንቁላል አልነበረም። ከፋሲካ በኋላ አደረግነው። የሰፈራችሁን ጾምና በዓል ሳታዩ የዕቃ ዝርዝር አታውጡ።

ካርቶኑን ቤት ለቤት ማድረስ ከአቅም በላይ ሆነብን። በየሰፈሩ አንድ የሚታመን ሱቅ ለይተን ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆች ከዚያ እንዲወስዱ አደረግን። ባለሱቆቹ ምንም አልጠየቁንም፤ ቆይተው ግን «የልጁ ሥዕል የታለ?» ማለት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ወደ እኛ የሚመለሰውም በሱቁ በኩል ሆነ።

ደረጃ 4፦ ትምህርቱን በሦስት ደቂቃ ቁረጡት

የአንድ ሰዓቱን ትምህርት ቀድታችሁ አትላኩ። በሳምንት አንድ ሐሳብ፣ በሦስት አጫጭር መልእክት። ሰኞ፦ ማሳያ። ረቡዕ፦ ልጆቹ እየሠሩ ሳለ የሚሰናከሉበትን ገምታችሁ አንድ ማስተካከያ። ዓርብ፦ «አሁን ያለውን ላኩልኝ»። የጨረሰ ብቻ ይላክ ካላችሁ ማንም አይልክም።

ለማሳየት ግድ ካልሆነ ቪዲዮ አትጠቀሙ። የሦስት ደቂቃ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜጋባይት ያንሳል፤ የዚያኑ ያህል ርዝመት ያለው ቪዲዮ በአሥር የሚቆጠሩ ሜጋባይቶችን ይበላል። የሙዚቃው ጥራት የሚያስፈልግ ከሆነ በስልኩ መቅጃ ቀድታችሁ እንደ ፋይል ላኩት። ወላጆች ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ገብተው ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ እንዲያጠፉት አስተምሩ። ይህን ሳናደርግ በፊት የአንዲት እናት የሳምንት ጥቅል በአንድ ምሽት አልቆ፣ ልጅቷ ከቡድኑ ወጣች።

መልእክቱ ሲቀዳ መምህሩ እንደ ዜና አንባቢ እንዳይሆን። ስም ይጥራ፤ ለአንድ ልጅ እንደሚናገር ይናገር። ዕረፍት ይስጥ፦ «አሁን አቁመውና ሦስት ጊዜ ሞክረው፤ እጠብቅሃለሁ።» ቁልፍ ስልክ ላላቸው ልጆች ያንኑ መልእክት መምህሩ ደውሎ ይነግራል። አድካሚ ነው። ግን አምስት ልጆች ናቸው፤ ሃምሳ ቢሆኑ ሌላ ዘዴ እንፈልግ ነበር።

ደረጃ 5፦ መልስ ስጡ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ

ልጁ ሥዕሉን ልኮ «ጎበዝ» የሚል አንድ ቃል ከመጣለት፣ ሁለተኛውን ይልካል፤ ሦስተኛውን አይልክም። ጎበዝ ማለት አላየሁትም ማለት እንደሆነ ልጆች ቶሎ ይገባቸዋል።

መምህሮቻችን የተስማሙበት ቅርጽ ይህ ነው። በመጀመሪያ ያያችሁትን ንገሩት፤ ሙገሳ ሳይሆን ያያችሁትን። «የበሩን ጥላ ወደ ግራ አውርደኸዋል።» ልጁ መታየቱን ያውቃል። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ፦ «ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?» በመጨረሻ ለነገ አንድ ሥራ፣ አንድ ብቻ። ሁሉም በድምፅ ይሁን፤ የተጻፈ እርማት በልጅ ጆሮ ቁጣ ይመስላል።

ለአንድ መልስ ማየቱንም መቅዳቱንም ጨምሮ 7 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 12 ልጆች ያሉት መምህር በአንድ ዙር 84 ደቂቃ ያጠፋል ማለት ነው። ከዚህ በላይ አትስጡት። ለዚህ ሰዓት ደመወዝ ይከፈለዋል እንጂ «በትርፍ ጊዜህ» አይባልም። እኛ ጋር ከሁሉም የተሻሉት ሁለት መምህራን በሁለተኛው ወር የደከሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ የማስተማሪያ ሰዓት ቀንሰናል ብለን ክፍያውንም ቀንሰንባቸው ነበር።

ፎቶ አነሣስም ይማሩ፦ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ሆኖ። አለዚያ የምታርሙት ሥዕሉን ሳይሆን ጥላውን ነው።

ደረጃ 6፦ የልጆቹ ደኅንነት

አጭር ነው፣ አይደራደሩበትም። መምህር ከልጅ ጋር ለብቻ አይጻጻፍም፤ ወላጅና አስተባባሪ ያሉበት ቡድን ይኑር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ መልእክት የለም። የልጁ ፊት፣ ስም፣ የቤቱ አካባቢ አንድ ላይ በፌስቡክ አይወጡም፤ ለጋሽ ቢጠይቅም ወላጅ ካልፈረመ አይሰጥም። ማንም ልጅ ካሜራ እንዲከፍት አይገደድ። ቤቱን ማሳየት የሚያፍር ልጅ ሰበቡን «ኔትወርክ የለም» ያደርገዋል፤ እመኑት።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡን አዛውሩ፣ ግን በጽሑፍ

ለአዳራሽ ኪራይና ለልጆች መጓጓዣ የተፈቀደ በጀት በራሱ ለዳታና ለካርቶን አይዞርም። ለለጋሹ ሁለት ገጽ ጻፉ፦ ምን እንደቀረ፣ በምን እንደተተካ፣ ከየትኛው መስመር ወደ የትኛው እንደሚዞር። መልሱ በጽሑፍ ሳይመጣ አታውጡ። በስልክ «ችግር የለም» ያላችሁ ሰው በኦዲት ጊዜ ሥራ ለቆ ይሆናል።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። ስለዚህ የልጆቹና የመምህራኑ ዳታ «የስልክ ወጪ» ተብሎ ከቢሮው ሒሳብ ጋር እንዳይቀላቀል፤ በስምምነቱ ላይ «የማስተማሪያ ወጪ» ብላችሁ ለይታችሁ አስፍሩት። ለቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ ከመስጠት ጥቅሉን በቀጥታ ወደ ስልኩ መላክ ለሒሳብም ለሰላምም ይበጃል።

መለኪያችሁንም ቀይሩ። «ስንት ልጅ ገባ» የሚለው ቁጥር እዚህ ትርጉም የለውም። ስንት ሥራ ተመልሶ መጣ፣ ስንቱ በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ አገኘ፣ የጠፋው ልጅ ለምን ጠፋ፤ እነዚህን መዝግቡ። ከሦስቱ ሦስተኛው ነው ሥራችሁን የሚያስተካክለው።

ደረጃ 8፦ አብሮ መሥራትን በሌላ መንገድ መልሱ

ልጆቹ የናፈቁት ክራሩን ሳይሆን እርስ በርሳቸውን ነበር። አሜሪካዊው የዜማ ደራሲ ኤሪክ ዊትከር በ2010 እ.ኤ.አ. ከ12 አገሮች የተውጣጡ 185 ዘማሪዎችን፣ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ለብቻ እንዲቀረጹ አድርጎ፣ እንደ አንድ መዘምራን አሰምቷል። ዘዴው በትንሽ መጠን ለእኛም ይሠራል።

መምህሩ በምት መቁጠሪያ (ሜትሮኖም) ታግዞ፣ በደቂቃ 80 ምት፣ መሪ ቅጂ ይሠራል፤ መግቢያው ላይ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባል። ልጁ መሪውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ በሌላ ስልክ ራሱን ይቀዳል፤ እሱም ከጭብጨባው ጋር ያጨበጭባል። ያቺ ጭብጨባ ናት በኋላ ቅጂዎቹን የምታገጥመው። ሰብስባችሁ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ ጭብጨባዎቹን አንድ መስመር ላይ አሰልፉ።

ቸገር የሚለው «በሌላ ስልክ» የሚለው ነው። ሁለት ስልክ ያለው ቤት ጥቂት ነው። መሪ ቅጂውን በፍላሽ አድርገን ከካርቶኑ ጋር ላክን፤ ፍላሽ የሚቀበል ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ያለው ልጅ ከዚያ ላይ በትንሹ ከፍቶ በስልኩ ተቀዳ። መሪው በጥቂቱ ይሰማል፤ ይሁን። የማንንም ፊት በቪዲዮ አልደረደርንም፤ ሙዚቃው ላይ የሥዕል ክፍሉን ሥራዎች አሰለፍን። ሥራውም ቀለለ፣ የልጆቹም ፊት ከአደባባይ ተጠበቀ።

የሬዲዮ ድራማው ከዚህም ቀላል ነው። አምስት ደቂቃ፣ አራት ገጸ ባሕርይ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቃል ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይቀዳል። ብርድ ልብሱ የቤቱን ማስተጋባት ይውጣል። ዝናቡ ምጣድ ላይ የፈሰሰ ጤፍ ነው፤ ለእናቱ ጤፉን ለቅሞ መመለስ ግን የተዋናዩ ግዴታ ነው።

ደረጃ 9፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ

«ከጠፋ» አላልኩም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። በእኛ በኩል የጠፋው ቴሌግራሙ እንጂ ትምህርቱ አልነበረም፤ ካርቶኖቹ ውስጥ የሁለት ሳምንት ሥራ በወረቀት ተቀምጦ ነበር፣ መደወልም ይቻል ነበር። ሁልጊዜ የሁለት ሳምንት ትርፍ ወረቀት በልጁ ቤት ይኑር፤ የወላጆች ስልክ ዝርዝርም ቴሌግራም ውስጥ ብቻ ሳይሆን በደብተር ላይ።

ደረጃ 10፦ አዳራሹ ሲከፈት

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በየደረጃው ሲከፈቱ እኛም ጥቂት ጥቂት ልጆችን መለስን። ሁሉን ነገር እንደ ድሮው ለማድረግ አትቸኩሉ። የዓርቧ «ያለውን ላኩልኝ» ዛሬም አለች፤ መምህሩ ልጁ ቤት ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው በእሷ ነው። ልጆቹም ክራራቸውን ራሳቸው ይቃኛሉ፤ መምህሩ ዞሮ አይቃኝም።

ሌላው የቀረልን በረከት ውጭ አገር ያሉ ልጆች ናቸው። ዋሽንግተን አካባቢና አውሮፓ ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ክራር እንዲማሩ ይጠይቃሉ፤ እነሱ ይከፍላሉ፣ ክፍያቸው የእዚህን ልጅ ካርቶን ይገዛል። ለእነዚህ አንድ በአንድ የቀጥታ ትምህርት ይሆናል፤ መምህሩና ልጁ በየተራ ስለሚጫወቱ መዘግየቱ አይጎዳም። ሰዓቱን ግን ጠንቅቁ። ዋሽንግተን ቅዳሜ በእነሱ አቆጣጠር ከረፋዱ አሥር ሲል አዲስ አበባ በበጋቸው ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ እነሱ በመጋቢትና በጥቅምት ገደማ ሰዓት ሲቀይሩ እኛ አንቀይርም። «ጠዋት 4 ሰዓት» ብላችሁ ብትጽፉ እናትየው ይገባታል፤ እዚያ የተወለደው ልጅ ግን በሌሊት ማንቂያ ሞልቶ ይነሣል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ።

በመጀመሪያው የመመለሻ ቀን ትምህርት አትያዙ። እያንዳንዱ ልጅ ቤት የሠራውን ይዞ ይምጣ ብላችሁ አስቀድማችሁ ላኩ፤ የእርድ ሥዕሉን፣ የቀዳውን የቡና ድምፅ፣ ጀሪካኑንም ጭምር። እኛ ጋር ጀሪካን ይዘው የመጡት አሥራ አንድ ነበሩ። ከበሮዎቹን አቧራ ሳናራግፍላቸው በዚያው ጀመርን።